ያልጻፍኩትን ጽሑፍ ተከትዬ ወደ ለቡ

ማክሰኞ

ከሆሳዕና የተነሳሁት ማክሰኞ በማለዳ ነው። ለምን እንደምሄድ ለማንም አልተናገርኩም። ጎረቤቴ ራውዳ ሻንጣዬን አይታ ስትጠይቀኝ «ዓይኔን ልታይ ነው» አልኳት። ጡረታ የወጣ ሐኪም ዓይኑ ቢደክም የሚደነቅ የለም። እሷ ግን ወዲያው ስልክ አንስታ መካኒሳ ላለችው እህቷ ለዘይነባ ደወለች። ሆቴል የሚባል ነገር እንዳይታሰብ ሁለቱም በየበኩላቸው ማሉ። እምቢ ብል ጥያቄው ይበዛብኛል ብዬ እሺ አልኩ።

አሁን ተመልሻለሁ፤ ነገሩም ወጥቷልና እጽፈዋለሁ። እናንተ የጤና ባለሙያዎች የሕክምና መጽሔት ታነባላችሁ፤ የደረጃ እድገት ሲደርስም ጽሑፍ ትልካላችሁ። መጽሔቱ የሚሰናዳበትን ቤት ግን አይታችሁት አታውቁም፤ የምታዩትም አይመስለኝም። እኔ አይቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው አንዳንድ ሰዎች እንዲያነቡት ጭምር ነው። ራሳቸውን ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንገዱ ጥቂት ቀን በፊት፣ አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት ነርስ ደውላ «ዶክተር፣ እርስዎ ደግሞ እዚህ ውስጥ እንዴት ገቡ?» አለችኝ። በሕፃናት ሳንባ ምች ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ ሊሻር ነው። ዓርብ በሚወጣው እትም «ይህን ጽሑፍ አትመኑት» የሚል ማስታወቂያ ይታተማል። ጸሐፊዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዶክተር በረከት፣ ሁለተኛዋ እኔ። ጽሑፉ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

በረከትን አስተምሬዋለሁ። አብረን የሠራንበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ሆስፒታሉ ምንም አላደረገኝም። ልጁ ቀድሞ በሌላ መጽሔት ያወጣቸውን ሕሙማን ሕፃናት እንደ አዲስ ቆጥሮ፣ ከሌሎች ጋር ቀላቅሎ፣ መድኃኒቱ በአጭር ቀን ቢቆም ይበቃል ብሎ ጻፈ። ያው ሕፃን ሁለት ጊዜ ሲቆጠር ማስረጃው የበረታ ይመስላል። ከዚያ ከሥሩ ስሜን ጨመረ።

ያለኝ ነገር ስሜ ነው። ሌላውን ሁሉ ሰው ወስዶታል፤ በየተራው እደርስበታለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ስልኩን ሲያነብ ቆይቶ ቀና ብሎ ባየኝ ቁጥር፣ ያነበበው ስለ እኔ ይመስለኝ ነበር። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ። «አስተማሪ ነበርኩ» አልኩት። «የምን አስተማሪ?» ሲለኝ የተኛሁ መሰልኩ። ወራቤን እንዳለፍን ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ ከኋላ ሲፈትሽ ቆየና ክሪኩን ለወንድሙ ማዋሱን አስታወሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። የመጽሔቱ ቢሮ ረቡዕ ካልደረስኩ ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ካመለጠኝ ዓርብ ወጥቶ አለቀ። መንገድ ዳር ቆሜ ስቁለጨለጭ አንዲት ሴት ከግቢዋ በርጩማ ይዛ ወጣችና «እማማ፣ መኪና ቆሞ ቢያዩት ቶሎ አይሠራም፤ ይቀመጡ» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። በርጩማውን መልሼላት ስሄድ ስሟን እንኳ አለመጠየቄን ያወቅሁት ቡታጅራ ከደረስን በኋላ ነው።

ቡታጅራ ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበልኝ። ከእኛ ቆጮ ይሳሳል፤ አይቡ ግን መልካም ነው። ግማሹን ተውኩት። ከዓለም ገና ወዲያ መንገዱ በሲኖትራክ ተሞልቶ እንደ ኤሊ ሄድን። ለቡ ላይ አወረዱን።

ለቡን ለማታውቁት፦ እኛ ጋ ሰው ቤቱን ሠርቶ ይገባል፤ እዚያ ገብተው ነው የሚሠሩት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፤ አራተኛው ላይ ገና ብረት ይታሰራል። ሲሚንቶው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ወደ መካኒሳ በታክሲ ስሄድ «ወራጅ አለ» ያልኩት ድምፄ ሳይሰማ ቀርቶ አሳለፉኝ። ሁለተኛ ስል ረዳቱ «እናቴ፣ ጮክ ነው እንጂ፤ እዚህ በሹክሹክታ የሚወርድ የለም» አለኝ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ዘይነባ ከሱቋ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። የፕላስቲክ ዕቃ ትነግዳለች፤ ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ነው። ክንዴን ይዛ «ደረጃ አለ፣ ቀስ ይበሉ፣ እዚህ ጋ ሌላ ደረጃ» እያለች እንደ ዓይነ ስውር አስገባችኝ። ቴሌቪዥኑን «ብርሃኑ ይጎዳዎታል» ብላ አጠፋችው። ባሏ አቶ ከድር ኳስ እያዩ ነበር። ከዚያ በትልቅ ብርጭቆ የካሮት ጭማቂ መጣ። የዋሸሁትን ጠጣሁት።

ረቡዕ

የጾም ቀን ስለሆነ ዘይነባ «ድስቱ ለብቻው ነው፣ አይጠራጠሩ» ብላ ሽሮ ሠራችልኝ። ከጎኑ ካሮት በሰላጣ፣ ካሮት በጥቅል ጎመን። እኛ ሰፈርም ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ነን፤ አንዱ የሌላውን የጾም ቀን ያውቃል። ግን አዲስ አበባ ይህን አልጠበቅሁም ነበር። «ሐኪሙ ምን ሰዓት ነው የቀጠረዎት? ከድር ያድርስዎት» አለች። «ብቻዬን እሄዳለሁ» አልኩ። «በዚህ ዓይን?» አለች። አመለጥኩ።

የመጽሔቱ ቢሮ ለቡ ውስጥ ነው። ሕንፃውን ሳየው የተሳሳትኩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አለፍኩት። ምድር ቤቱ የሽንት ቤት መቀመጫና ሴራሚክ ይሸጥበታል። አሳንሰሩ ገና አልተገጠመም፤ ቦታው በጣውላ ታሽጓል። በደረጃ ወጣሁ። አገር ሙሉ ሐኪም ጽሑፉን የሚልክበት፣ ተቀበሉኝ አልተቀበሉኝ ብሎ ሌሊት የማይተኛበት ቤት ሁለት ክፍል ነው። እኔ ወጣት ሳለሁ ረጅም ኮሪደርና ነጭ ጋዋን የለበሱ ሽማግሌዎች ነበሩ በሐሳቤ። ያገኘሁት አንድ የሚያስል ማተሚያ፣ እስከ ጣሪያ የተከመሩ የድሮ እትሞች፣ እና ሄለን የምትባል የዝግጅት ክፍል ኃላፊ ነው። ፋርማሲስት ነበረች፤ ገምጋሚ የምትፈልግ፣ ጽሑፍ የምታርም፣ ለደራሲያን መልስ የምትጽፍ እሷው ናት።

ስሜን ስነግራት ብድግ አለች።

«ዶክተር አስቴር? በአካል መጡ? እኔ እኮ ኢሜይል ልልክልዎ ነበር።»

«ወደየትኛው ኢሜይል?»

ኮምፒውተሩን አዞረችልኝ። በስሜ የተከፈተ አድራሻ አለ። ከዚያ አድራሻ «ጽሑፉን አንብቤዋለሁ፣ እስማማለሁ» ብዬአለሁ። ገምጋሚዎቹ ላነሱት ጥያቄ መልስ ሰጥቻለሁ። ስለ ውድ ጊዜያቸውና ስለ ጠቃሚ አስተያየታቸው በሚያምር እንግሊዝኛ አመስግኜአለሁ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

«ይህን አልጻፍኩም» አልኳት።

«ፊርማም አለ እኮ፣ ዶክተር።»

«የእኔ አይደለም። እኔ ማንንም እንዲህ አመስግኜ አላውቅም።»

ሄለን ልትስቅ ብላ ተወችው። «በረከት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ልጠይቅሽ፤ ደውላችሁ ታረጋግጣላችሁ?»

«ኢሜይል ነው የምንልከው።»

«ለማን?»

«ለተሰጠን አድራሻ።»

«አድራሻውን ማን ሰጣችሁ?»

«ጽሑፉን የላከው ሰው» አለች።

እንዲህ ነው የሚሠሩት። አንድ ሰው ያልሠራበት ጽሑፍ ላይ ስሙ አይገባም ይላል መመሪያቸው፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። መሥራቱን የሚነግራቸው ግን የላከው ሰው ነው። ስሜ እንዲወጣልኝ ጠየቅኳት። ስም ዝም ብሎ አይወጣም አለችኝ፤ ለምን እንደወጣ ተጽፎ ነው፣ የጻፍነው ደግሞ ከጽሑፉ ጋር ለዘለዓለም ይኖራል። የሚወስነው ዋና አዘጋጁ ነው፤ ነገ ይመጣል።

«ዋና አዘጋጁ አሁን ማን ነው?» አልኩ።

«ፕሮፌሰር ደጀኔ።»

ያን ጊዜ ደረጃውን ወርጄ ልሄድ ነበር።

ደጀኔን አውቀዋለሁ። ወጣት ሐኪሞች ሳለን በአንድ ክፍል ሠርተናል። ትኩሳት ይዞአቸው የሚመጡ ሕፃናትን ሌሊትና ቀን የተከታተልኩ፣ ካርዳቸውን የሞላሁ፣ ከዳኑ በኋላ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ጽሑፉ በዚሁ መጽሔት ወጣ፤ በደጀኔ ስም። የእኔ ስም ከታች፣ በጥቃቅን ፊደል፣ «ጽሑፉን በመተየብ ለተባበሩን» ተብሎ ምስጋና ቀረበለት። መተየብ አልችልም ነበር፤ አሁንም በሁለት ጣት ነው። እሱ በዚያ ጽሑፍ ውጭ አገር ተማረ። እኔ ሆሳዕና ገባሁ። የሠራሁት ላይ አንዱ ተወኝ፤ ያልሠራሁት ላይ ደግሞ ሌላው ጨመረኝ። ለስሜ የሚያዝንለት ሰው እስካሁን አላየሁም።

አመሻሽ ላይ መካኒሳ ተመልሼ የተሰጠኝን ካሮት ስበላ የግቢው በር ተንኳኳ። አቶ ከድር ከፈቱ። ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፤ አንዱን አወቅኋቸው። የበረከት አጎት አቶ ኤርሲዶ ናቸው፤ ሌላው የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው። በዚያው ዕለት ከሆሳዕና ተሳፍረው መጥተዋል። አድራሻውን የሰጠቻቸው ራውዳ ናት፤ ከዚህ በኋላ ለራውዳ የምነግራት ነገር ቢኖር የአየሩን ሁኔታ ነው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሏቸው አቶ ከድር።

«የመጣንበትን ሳንጨርስ አንቀመጥም» አሉ አቶ ኤርሲዶ።

አቶ ከድር ጉዳዩን አያውቁም። ግን ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር ሆነባቸውና ከሶፋው ተነስተው ከሁለቱ አጠገብ ቆሙ። እንዲህ ሆኖ ያረፍኩበት ቤት ጌታ ሳይጠየቁ የእነሱ ወገን ሆኑ።

«ልጃችን አጥፍቷል፤ ጥፋቱንም አምኗል» አሉ አቶ ኤርሲዶ። «ከሁሉ ያናደደን ግን ስምዎን ከእሱ በኋላ ማስቀመጡ ነው። ትልቅ ሰው ከኋላ ይቀመጣል ወይ ብለን ተቆጥተነዋል። ከፊት ማድረግ ነበረበት።»

«በእኛ ሥራ የመጨረሻው ቦታ ነው የክብር ቦታ» አልኩ፣ ሳልወድ። «የሚያስተምረው ሰው ከመጨረሻ ነው የሚቀመጠው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንግዲያውስ አክብሮዎታል!» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ ሸክም የወረደላቸው መስለው።

«አክብሮኝ ከሆነ ደውሎ አይጠይቀኝም ነበር?»

«ቢጠይቅዎት እምቢ ይሉ ነበር» አሉ አቶ ኤርሲዶ። «ይህንን ልጁም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።»

አቶ ከድር ሳል መሳይ ድምፅ አሰሙ። ሳቅ ነበር።

የፈለጉት ይህ ነው። «አውቅ ነበር፤ ታምሜ ስለነበር በደንብ አላየሁትም» ብዬ እንድፈርም። ያን ጊዜ ነገሩ የሠንጠረዥ ስህተት ይባልና ያልፋል። አላውቅም ካልኩ ግን የሰው ስም መስረቅ ይሆናል፤ በረከትን ከገባበት የስፔሻሊቲ ትምህርት ያወጡታል። እናቱ ልጅ ያላት እሱ ብቻ ነው።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

«እሺ ይበሉን።»

«እንግዲያው ቁሙ።»

ቆሙ። ሻይ መጣ፤ ቆመው ያዙት። ዘይነባ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አራታችንን አየችን። «ዶክተር፣ ታዲያ ዓይኑስ?» አለች።

«ዓይኔ ደህና ነው፣ ዘይነባ።»

«ታዲያ ካሮቱን ሁሉ...» አለችና ወደ ባሏ ዞረች። «ነገ አንተ ትበላዋለህ።»

ሽማግሌዎቹን እሺም እምቢም ሳልላቸው ሸኘኋቸው። ሲወጡ አቶ ኤርሲዶ እጄን ይዘው «እርስዎ ልጅ የለዎትም፤ በረከት ልጅዎ ነው» አሉኝ። ይህን ባይሉኝ ይሻል ነበር።

ሐሙስ

ምንም ሳልቀምስ ወጣሁ። ዘይነባ ግን መንገድ ላይ ደርሳ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦና እንቁላል ቦርሳዬ ውስጥ ከተተች። የዋሸኋትን አላነሳችብኝም። «ሰው ሚስጥር አለው» ብቻ ነው ያለችው፤ እኔ ብሆን አነሳባት ነበር።

ደጀኔ ቀድሞኝ ደርሷል። ፀጉሩ አልቋል፤ ድምፁ ያው ነው። እሱ አንቺ ይለኛል፤ እኔ እርስዎ እለዋለሁ። ሆን ብዬ ነው።

«አስቴርዬ! ምነው ጠቆርሽ? ሆሳዕና ፀሐይ ነው እንዴ?»

«ዝናብ ነው» አልኩ።

«በይ ተቀመጪ። ሰምቻለሁ፣ ሄለን ነግራኛለች። ልጅ ነው፣ ያጠፋል። ስምሽን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

«ምን እንዴት አለው? ድረ ገጹ ላይ እናጠፋዋለን። ማስታወቂያው ላይ የእሱ ስም ብቻ ይገባል፣ ምክንያቱም የሠንጠረዥ ስህተት ይባላል። አንቺ የለሽበትም፤ ኖረሽም አታውቂም። አለቀ።»

ለዚህ ነበር የመጣሁት። ይህንኑ ልለምን ነበር ያን ሁሉ መንገድ የተሰቃየሁት። ታዲያ እሺ ማለት ለምን እንዳቃተኝ ወዲያው አልገባኝም።

«ፕሮፌሰር፣ ስም ዝም ብሎ አይጠፋም» አለች ሄለን ከጠረጴዛዋ። «ምክንያቱ መውጣት አለበት።»

«ሄለን፣ መመሪያውን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ከእርስዎ ነው የተማርኩት» አለች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ። ከዚያ ስልክ ጠራና ልታነጋግር ወደ ሌላው ክፍል ገባች።

ደጀኔ ወንበሩን አስጠጋ። «ስሚኝ» አለ። «የድሮውንም አስቤበታለሁ። አልረሳሁትም። ማስተካከያ አወጣለሁ፤ ስምሽ ከእኔ ቀጥሎ ይገባል፣ ሥራው የሁለታችን ነው ተብሎ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ይኼኛው በጸጥታ ይለፍ። እውቅናችን እድሳት ላይ ነው። ሳያጣሩ የሰው ስም አወጡ ከተባልን መጽሔቱ አበቃለት።»

በመስኮቱ አንድ ሠራተኛ ወዲያኛው ሕንፃ ላይ ብሎኬት በገመድ ሲያወጣ ይታያል። እሱን አየሁ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ በልቤ ሰምቼዋለሁ፤ በየትኛው ክፍል እንደሚነገረኝ፣ ምን ለብሼ እንደምሰማው ሳይቀር አስቤው ነበር። አሁን ተነገረኝ፤ ልክ እንደ ዘይነባ ሱቅ ዕቃ፣ ይህን ከገዛሽ ያን እመርቅልሻለሁ ተብሎ።

«አስቢበት» አለኝ።

እያሰብኩበት ነበር። አልዋሽም።

ሄለን ስልኩን በእጇ ይዛ ተመለሰች። «ያ ሐኪም ነው፣ ድጋሚ» አለችው።

«የቱ ሐኪም?» አልኩ።

«አንድ ጤና ጣቢያ ያለ ነው። ጽሑፉን አንብቦ ሳንባ ምች ለያዛቸው ሕፃናት የመድኃኒቱን ቀን ሲያሳጥር ነበር። አሁን ሊሻር ነው ሲሉት፣ ልቀጥል ወይስ ልተው ይላል።»

«ለምን አመነው?»

ሄለን ደጀኔን አየች፤ ከዚያ እኔን። «‹ዶክተር አስቴር አሉበት› ነው የሚለው። ተማሪዎ ነበር መሰለኝ።»

«የሠንጠረዥ ስህተት ነው በይው» አለ ደጀኔ።

«የሠንጠረዥ ስህተት ነው ካልኩት ይቀጥላል፣ ፕሮፌሰር።»

ከዚህ በኋላ የተናገርኩትን ለዚያ ሐኪምና ለሕፃናቱ ስል ነው ብዬ ብጽፍ ያምርብኝ ነበር። ግማሹ ለእነሱ ነው። ግማሹ ግን ደጀኔ ሰጪ፣ እኔ ተቀባይ ሆነን ከዚያ ክፍል መውጣት ስላልቻልኩ ነው።

«ይጻፍ» አልኩ። «አላወቅኩም፣ አላነበብኩም፣ አልፈረምኩም ተብሎ ይጻፍ። ሕፃናቱ ሁለት ጊዜ መቆጠራቸው ይጻፍ። መጽሔቱም ሳይጠይቀኝ ስሜን ማውጣቱ ይጻፍ። ለዚያ ሐኪም ደግሞ አሁን ንገሪው፣ የመድኃኒቱን ቀን ወደ ነበረበት ይመልስ።»

«የድሮውስ?» አለ ደጀኔ።

«የድሮውን እርስዎ ያውቁታል።»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ብዙም አላለኝም። ሄለን በደረጃው እስከ ታች ሸኘችኝ። የድሮው ጽሑፍም በማመልከቻ ሊስተካከል ይችላል፤ ጊዜ አያግደውም፤ ማስረጃ ብቻ ይፈልጋል አለችኝ። «የሕሙማኑ ካርድ አለ?» አለች። የካርድ ክፍሉ ሲፈርስ ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ሄዷል። ያን ጊዜ የነበሩት ሰዎችም ከደጀኔና ከእኔ በስተቀር በሕይወት የሉም። እንዲህ ብዬ አልመለስኩላትም፤ «አይቼ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ዓርብ

እትሙ ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻውን ጽሑፍ አንብቤ እንድፈርም ተቀጠርኩ። ደጀኔ አንዱን ዓረፍተ ነገር አውጥቶት እንደሆነስ እያልኩ ነው የሄድኩት። መካኒሳ አቦ ጋ የቆመው የመኪና ሰልፍ አልንቀሳቀስ ሲል ታክሲውን ትቼ በእግሬ ጀመርኩ። እኛ ጋ ከቤቴ መናኸሪያ ድረስ ቢበዛ የምጠላቸውን ሰዎች ነው የማገኘው፤ እዚያ የማንም ፊት አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ይገፋል።

ደረጃው ሥር በረከት ቆሟል። ከስቷል። እሱም የእምነት ቃሉን ሊፈርም ተጠርቷል። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊነካ ሲል ወደ ኋላ አልኩ።

«ዶክተር፣ ከትምህርቱ ያወጡኛል።»

«ሊያወጡህ ይችላሉ።»

«ሁሉም ሰው እኮ አለቃውን ያስገባል። ስማቸውን ሲያዩ ደስ ነው የሚላቸው።»

«ሁሉም ኢሜይል ይከፍትላቸዋል?»

አቀረቀረ። «እርስዎን እንዲመስል ተጠንቅቄ ነበር የጻፍኩት» አለ።

«አመስግነሃል። መቼ ነው እኔ ሳመሰግን የሰማኸኝ?»

ፈገግ ሊል ነበር፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላ። ጎበዝ ልጅ ነበር። ሕፃን ሲያለቅስ ሳይደነግጥ የሚመረምር ሐኪም ብዙ የለም፤ እሱ እንደዚያ ነበር። ይህን ያን ጊዜ አልነገርኩትም። አሁን ጽፌዋለሁ፤ ካነበበው ያንብበው።

«ሆሳዕና ስመጣ ቤትዎ ልምጣ?» አለኝ።

ደረጃውን ወጣሁ። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።

አንድም ዓረፍተ ነገር አልጎደለም። ደጀኔ ከእኔ ቀድሞ ፈርሟል፤ እሱ ራሱ ግን ቢሮ አልነበረም። እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩና ፈረምኩ። ፊርማዬ ስለተንቀጠቀጠ ሄለን ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ፤ «ይኼው ይሁን፣ የእኔ ነው» አልኳት።

ዘይነባ በመመለሻዬ በሁለት ፌስታል ዕቃ አሸከመችኝ፤ ለራውዳ የሚሆን ጀሪካንም ጨመረችበት። አቶ ከድር ለቡ ድረስ ሸኝተውኝ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ቆመው «ዶክተር፣ ያን ዕለት ከሽማግሌዎቹ ጋር የቆምኩት ነገሩን ሳላውቅ ነው» አሉ።

«ቢያውቁስ ኖሮ?»

«ያው እቆም ነበር፤ እንግዳ ናቸው» አሉ። እውነታቸውን ነው ያሉት።

መንገዱ ላይ ጎማ አልፈነዳም፤ ማንም ሥራዬን አልጠየቀኝም። ሆሳዕና ዝናብ እየጣለ ደረስኩ። አቶ ኤርሲዶን በማግስቱ ገበያ መንገድ ላይ አየኋቸው፤ ባርኔጣቸውን ሳያነሱ አለፉኝ። የበረከትን እናት ገና አላየኋትም። የት እንደምትገበያይ ስለማውቅ በሌላ መንገድ ነው የምሄደው።

ሰኞ ሄለን ደወለች። እትሙ ወጥቷል። ኢንተርኔት እኛ ጋ ጠፍቶ ስለነበር «ላንብብልዎት?» አለችኝ። አነበበችው። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ አለማወቄን፣ አለመፈረሜን፣ መጽሔቱ አለመጠየቁን። በዚያ መጽሔት ላይ ስሜ ከእውነት ጋር ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የወጣውም ሥራው የእኔ አለመሆኑን ለመናገር ነው።

«ዶክተር፣ አሉ?» አለች ሄለን።

«አለሁ» አልኳት። «እንደገና አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ።»